አርባ ክንድ ከነምርቃቱ

በኮምቦልቻ ከተማ ሰፌድ ይዞ እህል ሳይሆን ምድር የሚያበጥር ሰው አንድ ብቻ ነበረ፤ እሱም ራዲዮ ጠጋኙ ይርጋ ነው። ሐዋ መጀመሪያ ያየችው ዕለት ያበደ መስሏት መንገድ ልትለቅለት ነበር። ጊዜው የ1971 ዓ.ም ግንቦት ማለቂያ ነው። ቦርከና ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ የሚሻገሩት ጭላጭ ሆኗል፤ አስፋልቱ ቀልጦ የመንገደኛ ጫማ ይይዛል፤ ውሻ እንኳ ከጥላ ወደ ጥላ እየመረጠ ነው የሚሄደው። ይርጋ ይህን ሐሩር ከምንም ሳይቆጥር ትንሽ ትራንዚስተር ራዲዮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በቀርከሃ ዱላ ጫፍ ሰፌድ አስሮ፣ ጣልያን ድሮ ሰፍሮበት በነበረው ሜዳ ላይ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል። ራዲዮው እንደ ትንኝ ይጮኻል።

ሐዋ የሽንኩርት ቅርጫቷን ከራሷ አወረደች። ቸኩላለች፤ ግን ያበደ ሰው ቆሞ ማየት የማይወድ ማን አለ? ድንገት የትንኙ ድምፅ ቀጥኖ ወደ ፉጨት ተለወጠ። ይርጋ «መጣሽልኝ!» ብሎ ተንበረከከና አፈሩን በቢላዋ ይጭር ጀመር። ያወጣውን ነገር በሱሪው አሽቶ ወደ ፀሐይ ሲያነሳው ሐዋ ሳይታወቃት አጠገቡ ደርሳ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቤሳ! የምኒልክ ቤሳ! እዩት እትዬ፣ አንበሳውን እዩት! ስንት ዘመን አፈር ውስጥ ተኝቶ አሁን ከኔና ከእርስዎ ጋር ፀሐይ ሊሞቅ ወጣ!»

ሰውየው በደስታ ሊዘፍን ምንም አልቀረውም። ሐዋ ሳንቲሙን በመዳፏ ተቀበለችው። አረንጓዴ ሻጋታ የለበሰ ቁራጭ መዳብ ነው፤ ለአንድ ሽንኩርት እንኳ የሚለውጠው አይገኝም። እሷ ግን ደጋግማ አገላበጠችው።

«ልጄ፣ ይሄ ሰፌድህ ብርም ያገኛል?»

«ብረቱንም፣ ብሩንም፣ መዳቡንም! በሰፌዱ ዙሪያ ከተቃጠለ ሞተር የፈታሁትን ሽቦ ጠምጥሜበታለሁ። ከሥሩ ብረት ነክ ነገር ካለ ራዲዮው ያፏጫል። ከአንድ ክንድ በታች ከጠለቀ ግን አይሰማም፤ እውነቱን ልንገርዎት።»

ይርጋ ወታደር ነበር፤ በምሥራቁ ጦርነት ፈንጂ ፈላጊ። እግሩ ውስጥ ፍንጣሪ ይዞ ተመለሰና ራዲዮ መጠገን ያዘ። «ያኔ ሲጮኽ ነፍሴ ትወጣ ነበር፤ አሁን ሲጮኽ ነፍሴ ትመለሳለች» ይላል። ሌላው ሰው በትርፍ ሰዓቱ ጠላ ቤት ሲሄድ እሱ ሰፌዱን ይዞ ሜዳ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ሐዋ ሽንኩርቷን ረሳችው። ለአርባ ሦስት ዓመት በቤተሰቧ ታፍኖ የኖረውን ነገር ለዚህ ለማታውቀው ሰው እዚያው ፀሐይ ላይ ቆማ ነገረችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1928 ኅዳር የጣልያን አውሮፕላን ደሴን በቦምብ ባነደዳት ሰሞን፣ የአባቷ የአብዱልወሀብ ወዳጅ የሆነ በላቸው የሚባል የደሴ ኮርቻ ሰፊ ሚስቱንና የስድስት ዓመት ልጁን ባይነሽን ይዞ እየሸሸ ኮምቦልቻ ደረሰ። እነሱን ወደ ዘመድ ሰደደ፤ እሱ ወደ ጦርነቱ ሊሄድ ነው። ከመሄዱ በፊት የሚስቱን የሠርግ ጌጥና ያጠራቀመውን ጠገራ ብር ለአብዱልወሀብ አስረከበና «የሰማይ አደራ፣ የምድር አደራ» አለው። አብዱልወሀብ ማንም ሳያየው ቀበረው። በላቸው ከጦርነቱ አልተመለሰም። አብዱልወሀብንም ዓመት ሳይሞላ ተስቦ ጣለው። ትኩሳቱ ምላሱን ሊያስረው ሲል ሚስቱን መርየምን አስጠግቶ «ከሾላው ግንድ... ወደ ቂብላ... አርባ ክንድ» አላት። ሌላ ቃል ሳይጨምር ሞተ።

መርየም በክንዷ አርባ ለክታ ቆፈረች። የለም። ግራና ቀኝ ቆፈረች። የለም። የበላቸው ሚስት አደራዋን ልትቀበል ስትመጣ መርየም ያላት ባዶ ጉድጓድ ብቻ ነበር። ሴትዮዋ ልጇን በእጇ እንደያዘች መንገድ ላይ ወጥታ፣ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ሦስት ጊዜ ጮኸች፤ «አደራ በላ! አደራ በላ! አደራ በላ!»

ሰው ቢሰርቅ ይቅር ይባላል፤ ቢገድል እንኳ ደም ይደርቃል። አደራ የበላ ግን ከነዘሩ ይጠራበታል። ሐዋን ሊያጩ የመጡ ሽማግሌዎች የቤቱን ስም ሰምተው ከደጅ ተመልሰዋል፤ ኋላ ያገባት ወሬው ያልደረሰው የሩቅ አገር ሰው ነው። ዛሬ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ደሴ ሽንኩርት ልትሸጥ ስትወጣ ባይነሽ የጨርቅ ሱቅ ባላት በሰኞ ገበያ ዋና መንገድ አታልፍም፤ ሻሿን እስከ ዓይኗ ስባ በጓሮ በጓሮ ትዞራለች። አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስታ ብታልፍ ባይነሽ ከሱቋ በራፍ ላይ ሆና፣ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ፣ «የአደራ በላ ልጅ» አለቻት። ያን ቀን ሐዋ ሽንኩርቷን ይዛ ተመለሰች። አባቷ እንዳልበላ ታውቃለች። ማወቋ ነው የሚያንገበግባት።

«አሁን ደግሞ የገበሬ ማኅበሩ በአባቴ ማሳ ባለው ሾላ ዙሪያ መጋዘን ሊሠራ ነው» አለችው። «ቅዳሜ ጠዋት ሾላው ይቆረጣል። ግንዱ ከጠፋ አርባ ክንዱን ከየት ጀምሬ እለካለሁ?»

ዕለቱ ረቡዕ ነበር።

«ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም?»

«አንድ አጎት አለኝ፣ በሺር የሚባል፣ የአባቴ ታናሽ። እሱ ደግሞ በለቅሶው ላይ እናቴን ‹አደራው የታለ?› ብሎ በሰው ፊት ስለጠየቃት ተቀይማው የአባቴን ቃል ሳትነግረው ሞተች። እኔም አልነገርኩት። ብታገኝልኝ ምን እንደምሰጥህ አላውቅም ልጄ፤ አደራ ነውና ግማሽ የለውም።»

ይርጋ ቤሳውን ኪሱ ከተተ። «የባትሪ ድንጋይ ይግዙልኝ፤ አራት ይበቃኛል። እኔ የምፈልገው ሲያፏጭ መስማት ነው» አለ፤ ደግሞም አልዋሸም።

ሐሙስ ከንጋት ጀምሮ ሾላው ሥር ነበሩ። ሐዋ ግንዱን ተደግፋ ፊቷን ወደ ቂብላ አዞረች፤ ከዚያ አገር ቂብላ፣ የመካ አቅጣጫ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነው። ቢስሚላህ ብላ በክንዷ እየለካች በጉልበቷ ዳኸች። አርባ ስትሞላ ያረፈችው የእናቷ አሮጌ ጉድጓድ ስርጉድ ላይ ነው። ይርጋ ሳቀ።

«እትዬ፣ የሴት ክንድ አጭር ነው። አንድ ክንድ ማለት ግማሽ ሜትር ነው፤ አርባው ሃያ ሜትር ይሆናል።» ከኪሱ ሜትር መዘዘ። ወታደር ሜትር ሲይዝ ልክ የሆነ ይመስለዋል። ሃያ ሜትሩ የቁልቋል አጥሩ ሥር ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው አለቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግርግር ነው! ሰፌዱ መሬት ሳይነካ ራዲዮው ያፏጫል። ሐዋ «ያረቢ!» ብላ በመቆፈሪያ ትወርድበታለች፤ የቦምብ ፍንጣሪ ይወጣል። ሁለት እርምጃ ሄደው ደግሞ ፉጨት፤ የጥይት ቀለህ። ደግሞ ፉጨት፤ የማረሻ ጫፍ። የጣልያን ቀበቶ ዘለበት፣ የበቅሎ ጫማ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ የተሰበረ ማጭድ፣ ንጉሣቸው ያለበት የጣልያን ሳንቲም። ያ ማሳ ለካ ብረት ዘርተውበት ኖሯል። ይርጋ እያንዳንዱን እንደ ጎረቤት ልጅ እየሳመ በዳባ ከረጢት ይከትታል። ሐዋም መጀመሪያ ትናደድ ነበር፤ ቆይታ ግን በሽታው ተጋባባትና ድምፁ ገና ሲቀጥን «ቆይ! ወደ ግራ! ወደ ግራ መልሰው!» እያለች ታዘው ጀመር። ሳቋ ራሷን አስደነገጣት። በዚህ ማሳ ላይ ሳቅ ተሰምቶ አያውቅም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ራዲዮው አረጀና ድምፁ ወደ ማቃሰት ወረደ። ሐዋ የባትሪ ድንጋዮቹን አውጥታ እንደ በርበሬ በጋለ ቋጥኝ ላይ አሰጣቻቸው። ፀሐይ የጠጡ ድንጋዮች ነፍስ ይዘራሉ፤ ይህን ራዲዮ ያለው ሁሉ ያውቃል። አንድ ሰዓት ያህል ከሾላው ጥላ ሥር እየጠበቁ ዳቦ በሉ። ከሰዓት በኋላም እንደዚያው ዋሉ። ከረጢቱ ሞላ። አደራው የለም።

ዓርብ ጠዋት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ፈንታሁን አሮጌ ምንሽሩን አንግቶ መጣ። አንድ ሰው ሾላው ሥር ቆሞ በገመድና በሽቦ ከማን ጋር እንደሚነጋገር የማይታወቅ ራዲዮ ያስጮኻል የሚል ወሬ ደርሶታል። በዚያ ዘመን ከዚህ ያነሰ ወሬም ሰው ያስር ነበር።

«ከማን ጋር ነው የምትገናኘው?» አለ ይርጋን።

«ከጣልያን ቀበቶ ጋር» አለ ይርጋ፤ ሐዋ በክርኗ ጎሸመችው። እሱም ጉዳዩ ገባውና ወዲያው የራዲዮውን ማዞሪያ አዞረው። የመንግሥት ራዲዮ ዜና አንባቢ ስለ ምርት ዘመቻ እየዘረዘረ ከሰፌዱ በላይ አምባረቀ። ፈንታሁን ሳያስበው ቀጥ ብሎ ቆመ። ዜናው እስኪያልቅ ማንም አልተነቃነቀም።

«እሺ፤ ምንድን ነው የምትፈልጉት?» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሐዋ ልትዋሽ ትችል ነበር። የጠፋ ማረሻ ነው ብትለው ያምናታል። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ግን ተደብቆ የኖረ ነገር ምን እንደጠቀማቸው ታውቃለች።

«አደራ» አለችው። «የበላቸውን አደራ። አባቴ ያልበላውን።»

ፈንታሁን ምንሽሩን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረ። የቤቱን ስም ያውቃል፤ የማያውቅ የለም። «ነገ በሦስት ሰዓት መጥረቢያ ይመጣል» አለ። «ደግሞ ከመሬት የወጣ ሀብት የሕዝብ መሆኑን ታውቂያለሽ።» ይህን ብሎ ግን አልሄደም። ሾላው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ጀመር። ቢያዩት አዋጅ ሊያስከብር የተቀመጠ ይመስላል፤ ዓይኑ ግን ከሰፌዱ አልተነቀለም።

የጁምዓ ሰላት አልቆ ሰዉ ከመስጊድ ሲበተን አንድ ረጅም ሽማግሌ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቶ በቁልቋሉ ቀዳዳ ጎንበስ ብሎ ገባ። አጎት በሺር ነው። ሰባ ስምንት ዓመት ጀርባውን አጎበጠው እንጂ አላሳጠረውም። የመጣው ወሬው መስጊድ ድረስ ስለደረሰ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም። የወንድሜን ማሳ ፍልፈል ገባበት ወይ?» አለ ጉድጓዶቹን እያየ።

«ወአለይኩም ሰላም፣ አባባ በሺር።» ሐዋ ተነሥታ እጁን ሳመች። እንግዲህ የሚደበቅ የለም ብላ የአባቷን ቃል ነገረችው። ከሾላው ግንድ፣ ወደ ቂብላ፣ አርባ ክንድ።

ሽማግሌው ጃንጥላውን አጠፈ።

«በማን ክንድ?» አለ።

«እንዴት በማን ክንድ?»

«በማን ክንድ ለካችሁ ነው የምልሽ?»

«እናቴ በራሷ፤ እኔም በራሴ። ይሄ ልጅ ደግሞ በሜትር።»

በሺር በሳቅ ብዛት ጃንጥላውን ተደገፈ። «ወላሂ! ወላሂ ልጄ! አብዱልወሀብ በእድሜው በራሱ ክንድ ምን ለክቶ ያውቃል? በኔ ነዋ! በኔ ክንድ!» እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋው። ከክርኑ እስከ መሐል ጣቱ ጫፍ ያለው ርዝመት ማለቂያ ያለው አይመስልም።

ድሮ አቡጀዴ የሚሸጠው በክንድ ነበር፤ ክንዱ ደግሞ የገዢው ነው። ስለዚህ አጭር ሰው ጨርቅ ሊገዛ ሲያስብ ከዘመድ ረጅሙን መርጦ ይዞ ገበያ ይወጣል። አብዱልወሀብ ድንክ ቢጤ ነበር፤ ወንድሙ ሸንበቆ። ነጋዴዎች በሺርን ከሩቅ ሲያዩት ጨርቃቸውን ይጠቀልሉ ነበር ይባላል። በሺር የማይመቸው ቀን እንኳ አብዱልወሀብ በወንድሙ ክንድ ልክ የቆረጠውን በትር ይዞ ይሄዳል። ጨርቅም ቢሆን፣ አጥርም ቢሆን፣ መቃብርም ቢሆን በዚያ ቤት ሁሉ ነገር የሚለካው በበሺር ክንድ ነው።

«ከሌላ ቤት የመጣች ሴት ይህን አታውቅ» አለ በሺር፣ ሳቁ ቀስ እያለ እየሞተ። «እኔን ብትጠይቀኝ... እኔም ሰው ፊት ባላሳፍራት...» ቃሉን አልጨረሰውም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ድንገት ጃንጥላውን ወረወረና «ገመድ አምጡ!» አለ።

ፈንታሁን ነው ሮጦ የጭነት ገመድ ያመጣው። በሺር ጫፉን ክርኑ ላይ አድርጎ እስከ መሐል ጣቱ ወጠረና እንደ ጥንቱ ጨርቅ ገበያ አንዱን በረካ ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥር ጀመር። «በረካ! ሁለት! ሦስት!» ይርጋ የገመዱን ጫፍ ከግንዱ ጋር ያዘ። ሐዋ ገመዱን እየተቀበለች ወደ ቂብላ ትዘረጋለች። አሥራ አምስት ሲል የእናቷን መንገድ አጋመሰች። ሠላሳ ሲል የእናቷ ጉድጓድ ላይ ደረሰች። ሠላሳ አምስት ሲል የይርጋ ሜትር ያለቀበትን ቦታ አለፈች። ሠላሳ ስምንት። ቁልቋሉ አጥር ደረሰ።

«አጥሩን ወጣ!» ብላ ጮኸች ሐዋ።

«ያን ጊዜ አጥር የታለና! ቁልቋሉን የተከልኩት እኔ ነኝ፣ ከጣልያን በኋላ። ሂጂ!» አለ በሺር።

እሾሁ ሻሿን ቀደደው፤ አልተሰማትም። በቀዳዳው ወጥታ ገመዱን ሳበችው። አርባ ሲሞላ የቆመችው ገበያተኛው ጠዋት ማታ የሚመላለስበት የእግር መንገድ ዳር ላይ ነበር። ይርጋ በእሾሁ መሐል ሰፌዱን አስቀድሞ ተከተላት። አወዛወዘው።

ትንኝ። የትንኝ ድምፅ ብቻ። አንድ ጊዜ ትንሽ ቀጠን ያለ መሰለና ተመለሰ።

ሐዋ መንገዱ ላይ ተቀመጠች። ፀሐይ ከላይ፣ የጋለ አፈር ከታች ይጠብሷታል። ይህም ካልሆነ ሌላ የሚሆን የለም። ነገ ሾላው ይወድቃል፤ እሷም እስክትሞት ደሴ ላይ በጓሮ ትዞራለች። «አበቃ» አለች።

በሺር ግን በቁልቋሉ ቀዳዳ ብቅ ብሎ ፊቱ በራ። ገመዱ አሁንም እጁ ላይ ነው።

«ምርቃቱስ?» አለ።

«የምን ምርቃት?» አለ ይርጋ።

«የምን ምርቃት ይለኛል! አብዱልወሀብ ምርቃት ሳያስጨምር ከገበያ ወጥቶ ያውቃል? አርባ ተለክቶለት አርባ ይዞ ቢገባ ያን ቀን እራት አይበላም! ወንድሜ አርባ ካለ አርባና ምርቃቱን ማለቱ ነው።» ገመዱን ክርኑ ላይ አድርጎ አንዲት ክንድ በልግስና ወጠረ፤ ጣቶቹን እንኳ አላጠፈም። «ይኸው! ሳቢው፣ ሐዋዬ!»

ይርጋ ሰፌዱን ወደ መንገዱ መሐል ገፋ አደረገው። ራዲዮው መጀመሪያ ቀጠነ፤ ከዚያ ፉጨት ሆነ፤ ከዚያ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት! እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያ ሰፌድ ወጥቶ አያውቅም። ይርጋ ራሱ ደንግጦ ወደ ኋላ ዘለለ፤ የፈንጂው ዘመን ትዝ ብሎት ነው። ወዲያው «መጣሽልኝ! መጣሽልኝ!» እያለ በአንድ እግሩ ይጨፍር ጀመር።

ሐዋ መቆፈሪያ አልጠበቀችም። በጥፍሯ፣ በቢላዋ፣ በድንጋይ ቆፈረች። ፈንታሁንም ምንሽሩን ጥሎ በእጁ አፈር ይዝቃል። አንድ ክንድ ሳይሞላ የማሰሮ አፍ ታየ። በቆዳ ተጠፍሯል፤ በሰም ታትሟል። ቆዳውን ሲነኩት ተፈረፈረ። ውስጡ ጠገራ ብር ነው፣ እስከ አንገቱ። በላዩ ላይ ድሪው፣ ጥንድ አምባሩ፣ የጆሮው ጉትቻ ሁሉ ጠቁሮ ተጠላልፏል። ከሁሉም በላይ የአንዲት ትንሽ ልጅ የእግር አልቦ ተቀምጧል፣ የጣት ጫፍ የሚያካክሉ ቃጭሎች ያሉበት። ሐዋ ስታነሳው አርባ ሦስት ዓመት ዝም ያለው ቃጭል ጮኸ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። አፈር በነካው እጇ ፊቷን ሸፍና እንደ ልጅ አለቀሰች።

ከዚያ ሁሉም ዓይን ወደ ፈንታሁን ዞረ። ሊቀ መንበሩ በጉልበቱ እንደተንበረከከ ግራና ቀኝ የተዘረጋውን የእግር መንገድ ያያል።

«እናቴ ገበያ ይዛኝ ስትሄድ በዚህ መንገድ ነበር» አለ። «እዚህ ስንደርስ ሁልጊዜ ወደ ሾላው ትጠቁመኝና ‹ያ የአደራ በላ ቤት ነው› ትለኝ ነበር። በላዩ ላይ ቆማ! እኔም ለልጆቼ ብያለሁ። በላዩ ላይ ቆሜ!» ተነሥቶ ምንሽሩን አራገፈ። «ከመሬት የወጣ ሀብት የሕዝብ ነው፤ አዋጅ ነው። ይሄ ግን አደራ ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። እኔ ዛሬ እዚህ ያየሁት የቦምብ ፍንጣሪ ነው። መጥረቢያውም እስከ ሰኞ ይቆያል።»

በነጋታው ሐዋ፣ በሺርና ይርጋ ማሰሮውን በሽንኩርት ቅርጫት ሸፍነው በመጀመሪያው አውቶቡስ ደሴ ወጡ። ሐዋ በሰኞ ገበያ ዋና መንገድ ስትሄድ እግሯ ወደ ጓሮው ወደ ጓሮው ይል ነበር፤ በጓሮ መዞር የለመደ እግር በአንድ ቀን አይቃናም። ባይነሽ ከሱቋ በራፍ ላይ ሆና አየቻት። አፏን ልትከፍት ስትል ሐዋ ቅርጫቱን እግሯ ሥር አስቀመጠችና ሽንኩርቱን ገለጠችው።

«የአባትሽ አደራ ነው። ቁጠሪው» አለቻት።

ባይነሽ ብሩን አላየችውም። ድሪውንም አልነካችውም። አልቦውን አንሥታ በጆሮዋ አቅራቢያ ነቀነቀችው። ቃጭሎቹን በጣቷ አንድ በአንድ ነካች፤ ከስድስቱ አንዱ ጎደሎ ነው። «ይቺን የጎደለችውን የነቀልኳት እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «አባቴ ቀጥቶኝ ነበር።» ሱቁ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ቀና ብላ ሐዋን ጠየቀቻት።

«እናቴ የጮኸችው የት ነው?»

«ኮምቦልቻ። ከሾላው ጀርባ፣ መንገዱ ላይ።»

ባይነሽ ሱቋን ቆለፈች። «ውሰጂኝ» አለች።

ቅዳሜ ገበያ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ሲደርሱ መንገዱ በሰውና በአህያ ተጨናንቋል። ባይነሽ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆመች። አልቦውን በእጇ ይዛዋለች። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል፤ የደጋ ሰው ናት፣ ይህን ሐሩር አትችልም። ሐዋ ከጎኗ ቆማ እንደ ልማዷ ሻሿን እስከ ዓይኗ ሳበች።

«ሰዎች!» አለች ባይነሽ። አህያ ነጂዎች ቆሙ። «እኔ የበላቸው ልጅ ነኝ። እናቴ እዚህ ቆማ ሦስት ጊዜ ጮኻለች። አልበላም! አብዱልወሀብ አደራ አልበላም! አብዱልወሀብ አደራ ጠባቂ ነው!» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «አደራ ጠባቂ! አደራ ጠባቂ!»

ፈንታሁን ከሾላው በኩል ሲያይ ቆይቶ ኮፍያውን አወለቀ። በሺር ጃንጥላውን ተደግፎ በጣቱ ቆጥሯል፤ ሦስት ሆኗል። እናቲቱ ያበደረችው ተመልሷል። ሽማግሌው ግን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ባይነሽ፣ ልጄ» አለ። «ምርቃቱስ?»

ባይነሽ መጀመሪያ አልገባትም። ወደ ሐዋ ዞረች። ሐዋ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። ባይነሽ እጇን ዘርግታ የሐዋን ሻሽ ከዓይኗ ላይ መለሰችላት፤ ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰችና ከቅድሙ ሁሉ አብልጣ አንድ ጊዜ ጮኸች።